ብረት የገባለት ስብራት ለምን ያመረቅዛል?

በቸርችል ጎዳና ወርዶ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የታጠፈ ሰው ዓይን ውስጥ ቶሎ የሚገባው ክራንች ነው። ከሞተር ሳይክል የወደቀ ወጣት፣ ከሕንፃ መወጣጫ ላይ የተፈጠፈጠ ግንበኛ፣ መንገድ ስትሻገር መኪና የገጫት እናት። ብዙዎቹ እግራቸው ውስጥ ብረት አለ። ከእነሱ መካከል ለቀጠሮ የመጡት ሁሉ አጥንታቸው ምን ያህል እንደገጠመ ለመታየት አይደለም። ደርቆ የነበረ ቁስላቸው እንደገና እዥ ማውጣት የጀመረባቸውም አሉ።

የአክስቴ ልጅ ከእነዚህ አንዱ ነበር። ካዛንቺስ አካባቢ ግንባታ ላይ ሲሠራ ወድቆ ቅልጥሙ ተሰበረ፤ አጥንቱ ቆዳውን ቀድዶ ወጥቶ ነበር። ብረት ገባለት። በሦስተኛው ሳምንት ከስፌቱ ጫፍ ጠብ ጠብ የሚል ነገር ታየ። በቤቱ ውስጥ የተባለውን ሁሉ አስታውሳለሁ፦ «ብረቱ አልተስማማውም»፣ «ብርድ ገብቶበት ነው»፣ «ጠረን ነክቶት ነው»። ወደ ሐኪሙ እስክንመልሰው ሁለት ወር አለፈ፤ በመሃል ሦስት ዓይነት ክኒን ከፋርማሲ ተገዝቷል። ያ ሁለት ወር ምን እንዳስከፈለው የገባኝ ዘግይቶ ነው። ሌላ ቤት እንዳይደገም ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

ብረቱ ምን ሊሠራ ነው የሚገባው?

አጥንትን የሚያድነው ብረት አይደለም። አጥንት ራሱን ይጠግናል፤ የሚፈልገው በቂ ደምና ዕረፍት ነው። ዕረፍት ማለት ሁለቱ ጫፎች ሳይነቃነቁ ተገጣጥመው መቆየታቸው ነው። ከተማችን በግንባታ ላይ ስላለች ምሳሌው ሩቅ አይደለም፦ ኮንክሪት ሲሞላ ካሳፎርማው ይይዘዋል እንጂ አያጠነክረውም። ሳይጠነክር ካሳፎርማው ከተነቃነቀ ግን ይሰነጠቃል። ጀሶም ብረትም የስብራት ካሳፎርማ ናቸው።

ብረቱ በብዛት በሦስት መልክ ይመጣል። በአጥንቱ ላይ ተለጥፎ በብሎን የሚታሰር ዝርግ ብረት አለ፤ ፕሌት ይሉታል። በመቅኒው ቦታ ከላይ እስከ ታች የሚገባ ዘንግም አለ፤ እሱ ኔይል ነው። በአገራችን ሆስፒታሎች ለጭንና ለቅልጥም ስብራት የሚታወቀው «ሳይን» የተባለው ዘንግ መቀመጫው አሜሪካ የሆነ በጎ አድራጎት ድርጅት የሚያቀርበው ነው፤ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ እያሳየ የሚመራ የራጅ ማሽን ባይኖርም እንዲገባ ታስቦ ተሠርቷል። ሦስተኛው ከቆዳ ውጭ ሆኖ በቀጫጭን ዘንጎች አጥንቱን የሚይዘው ነው፤ ቁስሉ ክፍት ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚመረጠው እሱ ነው።

ተህዋሲያኑ ከየት ይመጣሉ?

ቆዳው ሳይቀደድ ውስጥ ለውስጥ የተሰበረ «ዝግ ስብራት» ይባላል። ቆዳው ተቀድዶ ስብራቱ ከውጭ ጋር ከተገናኘ «ክፍት ስብራት» ነው። ይህ ልዩነት ብዙ ነገር ይወስናል። በዝግ ስብራት ላይ ከሚሠራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ወደ ውስጥ የዘለቀ ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል የሚባለው ከ100 ሰዎች 1 ወይም 2 ያህሉን ነው። ሥጋና ቆዳው ክፉኛ በተጎዳበት ክፍት ስብራት ግን ከ100 ሰዎች እስከ 30ዎቹን ሊይዝ ይችላል።

ቅልጥም በተለይ ለዚህ የተጋለጠ ነው። እጅዎን ከጉልበትዎ በታች በፊት በኩል ቢያሳልፉ አጥንቱን ከቆዳው ሥር ይነኩታል፤ የሚሸፍነውና ደም የሚያቀብለው ሥጋ የለም። ጭን ላይ ብዙ ሥጋ ስላለ አጥንቱ የተሻለ ተጠልሏል።

ተህዋሲያኑ ከመንገዱ አፈር፣ ከልብስ ቁራጭ፣ ከራሱ ከታካሚው ቆዳ፣ አንዳንዴም ከሆስፒታል ይመጣሉ። በዓለም ላይ በዚህ ኢንፌክሽን በብዛት የሚገኘው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለው ባክቴሪያ ነው። ከሦስት ጤነኛ ሰዎች የአንዱ አፍንጫ ውስጥ ያለ ምንም ሕመም ይኖራል። ስለዚህ ቁስሉ ያመረቀዘ ሁሉ ቆሻሻ ቤት ውስጥ የተኛ፣ ወይም ያልታጠበ ሐኪም የነካው ነው ማለት አይደለም።

ለክፍት ስብራት የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ትልቅ ዋጋ አላቸው። አንቲባዮቲኩ በደም ሥር በተቻለ ፍጥነት፣ ቢቻል በአንድ ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም አብሮ ይሰጣል። ከዚያ ቀዶ ሐኪሙ የሞተውን ሥጋና የገባውን ቆሻሻ ቆርጦ አውጥቶ በብዙ ውሃ ያጥባል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመና ከ2,400 በላይ ክፍት ስብራት ያለባቸውን ሰዎች የተከታተለ ጥናት፣ ተራው የጨው ውሃ ከሳሙና መፍትሔ የተሻለ እንደሆነ፣ ውሃውን በከፍተኛ ግፊት መርጨትም የተለየ ጥቅም እንደሌለው አሳይቷል። ውድ መሣሪያ ለሌለው ሆስፒታል ይህ መልካም ዜና ነው። አደጋው ቦታ ላይ የተገኘ ሰው ማድረግ ያለበት በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ፣ እግሩን ደግፎ ቶሎ ማድረስ ነው። ደም ለማቆም ተብሎ የሚነሰነሰው የቡና ዱቄት ሐኪሙ ቆይቶ ለቅሞ የሚያወጣው ተጨማሪ ቆሻሻ ይሆናል።

ለዝግ ስብራትም ቢሆን ከቀዶ ሕክምናው ጥቂት ቀደም ብላ የምትሰጥ አንዲት የአንቲባዮቲክ መርፌ ብዙ ትሠራለች። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት 2,195 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ሴፍትሪያክሶን የተባለው አንቲባዮቲክ አንድ ጊዜ ከተሰጣቸው ሰዎች ቁስላቸው ያመረቀዘው ከ100 ሰዎች 4 የሚጠጉት ሲሆኑ፣ ካልተሰጣቸው ደግሞ ከ8 በላይ ነበሩ፤ ላይ ላዩን የሚቀረውም ተቆጥሮ ነው። ቁም ነገሩ መርፌው ቆዳው ከመቀደዱ በፊት መሰጠቱ ነው። ከዚያ በኋላ ለሳምንት ማስረዘሙ ተመሳሳይ ጥቅም የለውም።

ክኒን ለምን አይበቃውም?

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብዬ ላስረዳው።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የኖረ ሰው ጀሪካን ያውቃል። ብዙ ጊዜ ውሃ የተቀመጠበት ጀሪካን ግድግዳው ላይ ዝልግልግ ያለ ነገር ይይዛል። ውሃውን ደፍቶ አዲስ ቢሞሉበት በማግስቱ ያው ሽታ ይመለሳል፤ ችግሩ ያለው ግድግዳው ላይ ነውና። እናቶቻችን ለዚህ ያላቸው ዘዴ ጠጠርና ውሃ ጨምሮ መነቅነቅ፣ መፈግፈግ ነው።

ብረት ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው። ባክቴሪያ ደም ውስጥ ወይም ሥጋ ውስጥ ብቻውን ሲንሳፈፍ የሰውነት ወታደሮች ያገኙታል፣ መድኃኒትም ይደርስበታል። ብረት ላይ ሲያርፍ ግን ይጣበቃል፣ ይራባል፣ በቀናት ውስጥም ራሱን በዝልግልግ ሽፋን ይከልላል። ይህ ሽፋን ባዮፊልም ይባላል። በሽፋኑ ሥር ያሉት ባክቴሪያዎች ብዙዎቹ እንደ መተኛት ብለው በዝግታ ይኖራሉ። አንቲባዮቲክ በተለይ የሚገድለው በፍጥነት የሚራባውን ስለሆነ፣ የተኙትን ለመግደል ተንሳፋፊውን ከሚገድለው መጠን እስከ 1,000 እጥፍ ሊያስፈልግ ይችላል። ያን ያህል መድኃኒት ለሰው መስጠት አይቻልም።

ሁለተኛ መሸሸጊያም አላቸው፦ የሞተ አጥንት። መድኃኒት ወደ ቁስል የሚሄደው በደም ነው። በአደጋው ጊዜ ከሥጋው ተገንጥሎ ደም የተቋረጠበት የአጥንት ስባሪ ቧንቧው እንደተቆረጠ ሰፈር ነው፤ ግፊቱ የቱንም ያህል ቢጨምር ውሃው አይደርሰውም። ባክቴሪያ ግን እዚያው ተቀምጦ ይኖራል።

ከፋርማሲ የተገዛው ክኒን ታዲያ ምን ያደርጋል? ተንሳፋፊውን ይገድላል። መግሉ ይቀንሳል፣ ሕመሙ ይለዝባል፣ ቁስሉም ይደርቃል። ቤተሰቡ «ተመስገን፣ ተሻለው» ይላል። ክኒኑ ሲያልቅ ከብረቱ ላይ አዲስ ባክቴሪያ ይለቀቅና ሁሉም ይመለሳል። በዚህ መሃል ሽፋኑ ይጎለብታል፣ ባክቴሪያውም መድኃኒቱን መልመድ ይጀምራል። የአክስቴ ልጅ ሦስት ጊዜ ተሽሎት ሦስት ጊዜ ተመልሶበታል። በእያንዳንዱ ጊዜ የተሰማን ደስታ አሁን ያሳዝነኛል።

ብረቱ «አልተስማማውም» ማለትስ?

ለስብራት የሚውለው ብረት ልዩ የማይዝግ ብረት ወይም ቲታኒየም ነው። እውነተኛ አለርጂ አለ፤ ግን እምብዛም አያጋጥምም፣ መግልም አያመጣም። በብርድ ቀን የሚሰማ ቁርጥማት ብዙ ሰው ላይ ያለ ነው፤ ብቻውን የኢንፌክሽን ምልክት አይደለም። ጠረንን በተመለከተ የወላጆቻችን ፍራቻ አንድ ደግ ጎን አለው፦ የጠያቂው ብዛት ይቀንሳል፣ ቁስሉም ሳይነካካ ይቆያል። መግል ሲወጣ ግን ምክንያቱ ተህዋሲ ነው።

በምን አውቃለሁ?

ጥርጥር የሌላቸው ምልክቶች አሉ። መግል ከወጣ፣ ቁስሉ ተከፍቶ አጥንቱ ወይም ብረቱ ከታየ፣ ወይም ደርቆ የነበረው ቦታ አፍ አውጥቶ ከውስጥ እዥ የሚያፈስ ቀዳዳ ከሠራ ኢንፌክሽን አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ስምምነትም እነዚህን የሚያረጋግጡ ምልክቶች ብሎ መድቧቸዋል።

አስቸጋሪዎቹ ቀስ ብለው የሚመጡት ናቸው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቁስል ለጥቂት ቀናት ማዠቱ ያለ ነው፤ ከሳምንት በኋላም ካላቆመ፣ ወይም ቆሞ ከጀመረ መታየት አለበት። ሕመሙ እየቀነሰ መጥቶ እንደገና ከጨመረ፣ እግሩን ሲረግጡ ከበፊቱ ከባሰ፣ እብጠት ካለ ያጠራጥራል። መጻሕፍት «መቅላት» ይላሉ፤ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ይችላል። በእጅ ጀርባ ሁለቱን እግሮች እያመሳከሩ ሙቀታቸውን መለካት፣ ቆዳው ተወጥሮ ማብረቅረቁን ማየት ይሻላል። ትኩሳት የለውም ብሎ መረጋጋት አይገባም፤ ብዙዎቹ ጨርሶ አያተኩሳቸውም። አንዳንዴ ብቸኛው ምልክት በወራት ውስጥ አለመግጠሙ ነው።

ከውጭ የታሰረ ብረት ያለበት ሰው ግን በየዘንጉ ዙሪያ ትንሽ እርጥበት ስላየ ብቻ አይደንግጥ። ያ ብዙ ጊዜ ላይ ላዩን የሚቀር ነው፤ በማጽዳትና አንዳንዴም በአጭር ጊዜ ክኒን ይድናል። ቢሆንም ለሐኪሙ ይነገረው።

ሐኪሞቹ እንዴት ያረጋግጣሉ?

የደም ምርመራ ይረዳል እንጂ አይፈርድም። ሲአርፒ የሚባለው፣ ሰውነት ሲቆጣ ደም ውስጥ ከፍ የሚለው ልኬት ከማንኛውም ቀዶ ሕክምና በኋላ ይጨምራል፤ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ጣራ ነክቶ ከዚያ ይወርዳል። የሚያሳስበው ከወረደ በኋላ እንደገና ሲነሳ ነው። ራጅ ደግሞ ብረቱ መላላቱን፣ አጥንቱ መበላቱን ያሳያል።

ቁልፉ ናሙና ነው። ከቀዳዳው አፍ ላይ በጥጥ የሚወሰድ ናሙና ብዙ ጊዜ የቆዳውን ባክቴሪያ ስለሚያሳይ ያሳስታል። ትክክለኛው በቀዶ ሕክምና ክፍል ከብረቱና ከአጥንቱ አጠገብ፣ ከተለያየ ቦታ፣ በየራሱ ንጹሕ መሣሪያ የሚወሰድ ነው፤ 5 እና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። ቢያንስ ሁለቱ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ካበቀሉ ወንጀለኛው ታወቀ ማለት ነው።

ታካሚው አንቲባዮቲክ እየወሰደ ከሆነ ግን ባክቴሪያው ላቦራቶሪ ውስጥ ሳይበቅል ይቀራል፤ አለ፣ ግን አይታይም። ሁኔታው ከፈቀደ ሐኪሞች መድኃኒቱን ለሁለት ሳምንት ያህል አስቁመው ናሙና የሚወስዱት ለዚህ ነው። «መግል እየወጣ መድኃኒት ከለከሉን» ብለው የሚከፉ ቤተሰቦች አይቻለሁ፤ ምክንያቱን የነገራቸው ሰው ስላልነበረ አልፈርድባቸውም። ትኩሳትና ብርቱ ሕመም ያለበት ሰው ላይ ይህ ጥበቃ አይሠራም፤ ውሳኔውም የሐኪሙ ነው እንጂ በራስ የሚደረግ አይደለም።

ብረቱ ይወጣል ወይስ ይቆያል?

አብዛኛው ታካሚ «ብረቱ ይውጣልኝ» ነው የሚለው። ስሜቱ ይገባኛል፤ ነገር ግን ወደ ካሳፎርማው እንመለስ። አጥንቱ ሳይገጥም ብረቱ ከወጣ ስብራቱ ይነቃነቃል፤ የሚነቃነቅ ስብራት ደግሞ ደም ሥር አይሠራለትም፣ ኢንፌክሽኑም ይብስበታል። በደንብ የጠበቀ ብረት በተህዋሲ የተበከለ ቢሆን እንኳ ከላላ ስብራት ይሻላል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው ጊዜው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ገደማ ሽፋኑ ገና ለጋ ነው። ብረቱ ከጠበቀ፣ አጥንቱ በትክክል ከተቀመጠ፣ ቁስሉን የሚሸፍን ጤናማ ሥጋ ካለና ለባክቴሪያው የሚሠራ መድኃኒት ከተገኘ ቁስሉ ተከፍቶ ይጸዳል፣ የሞተው ሁሉ ይቆረጣል፣ ብረቱ ግን ይቀመጣል። ጀሪካኑን ሳይጥሉ እንደመፈግፈግ ነው። ሳምንታት በጨመሩ ቁጥር ይህ የመሳካት ዕድሉ እየጠበበ ይሄዳል፤ ከ10 ሳምንት ካለፈ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ብረቱን አውጥቶ በሌላ መተካት የግድ ይላል። አጥንቱ ገጥሞ ከሆነ ብረቱ ይወጣል፣ በቃው። ካልገጠመ ወጥቶ ከውጭ በሚታሰር ይተካል።

ሁለት ወር ያባከነ ሰው ያባከነው ይህንን ነው፦ በአንድ ማጽዳት ሊያልቅ የሚችለውን ነገር።

የተቆረጠው አጥንት ቦታ በምን ይሞላል?

የሞተው አጥንት ሲወጣ ባዶ ጉድጓድ ይቀራል። ባዶ ከተተወ ደም ይቋጥራል፣ ደሙም ለባክቴሪያ ድግስ ይሆናል። ስለዚህ አንቲባዮቲክ የተደባለቀበት የአጥንት ሲሚንቶ ይሞላበታል፤ እንደ ዶቃ ተሰክቶ ወይም ዘንግ ሆኖ ሊሠራ ይችላል። ደም ሊያደርስ የማይችለውን መጠን እዚያው ቦታ ላይ ይለቃል። ቆዳው ከጎደለ ፕላስቲክ ሰርጀኖች ሥጋና ቆዳ ከሌላ ቦታ አምጥተው ይሸፍኑታል።

ጉድለቱ ትልቅ ከሆነ የሶቪየቱ ሐኪም ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ በ1950ዎቹ በሳይቤሪያዋ ኩርጋን ከተማ ያዳበረው ዘዴ አለ። እግሩ በቀለበቶች ይታሰራል፤ ጤነኛው አጥንት ሆን ተብሎ ይቆረጥና በቀን 1 ሚሊሜትር ያህል ይሳባል፣ ብዙ ጊዜም በአራት ተከፍሎ። ከኋላው አዲስ አጥንት እየበቀለ ይሄዳል። 5 ሳንቲሜትር ለመሙላት መሳቡ ብቻ 50 ቀን ይፈጃል፤ አዲሱ አጥንት እስኪጠነክር ደግሞ ብዙ ወራት ይጨመራል። የአክስቴ ልጅ ብሎኖቹን ራሱ በየቀኑ ያዞር ነበር፤ እናቱ በስልክ ደወል ታስታውሰው ነበር።

መድኃኒቱ ለምን ያህል ጊዜ ነው?

ብረቱ ከወጣ ብዙውን ጊዜ 6 ሳምንት፣ ከቆየ 12 ሳምንት ገደማ። ይህ ሁሉ በመርፌ መሆን አለበት ወይ? አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመና በብሪታንያ 1,054 ሰዎችን ያሳተፈ ጥናት፣ በትክክል የተመረጠ የሚዋጥ መድኃኒት ለአጥንት ኢንፌክሽን በደም ሥር ከሚሰጠው እንደማያንስ አሳይቷል። «ክኒን ሰጥተው ሸኙኝ» ብሎ መናቅ አያስፈልግም። ይህ ክኒን ከፋርማሲው ክኒን የሚለየው ከማጽዳት በኋላ፣ ለታወቀ ባክቴሪያ መሰጠቱ ነው።

በስታፊሎኮከስ ለተያዘና ብረቱ ሳይወጣ ለቀረ ሰው ሪፋምፒሲን ሊታዘዝ ይችላል፤ በሽፋኑ ሥር ያሉትን ከሚነኩ ጥቂት መድኃኒቶች አንዱ ነው። ሰዎች የሚያውቁት በሳንባ ነቀርሳ ስለሆነ ሲታዘዝላቸው ይደነግጣሉ። ነቀርሳ አለብህ ማለት አይደለም። ሽንትን ብርቱካናማ ያደርጋል፤ ይህ አይጎዳም። ብቻውን ግን ፈጽሞ አይወሰድም፣ ባክቴሪያው ቶሎ ይለምደዋል። የወሊድ መከላከያ ክኒንና ክንድ ውስጥ የሚቀበረውንም ያዳክማል፤ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም መጠኑ እንዲስተካከልለት አስቀድሞ መናገር አለበት።

ቤት ውስጥስ?

አጥንትና ሥጋ የሚሠሩት ከፕሮቲን ነው። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ ቢገኝ መልካም፤ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላም ይሠራሉ። የሚጾም ታካሚ የንስሐ አባቱን ቢያማክር ለሕመምተኛ መንገድ አለ። ሲጋራ ደም ሥሮችን ስለሚያጠብ ለዚህ ሕመም ግልጽ ጠላት ነው፤ የስኳር ሕመም ያለበትም ልኬቱን ይጠብቅ። ብረት ያለበትን እግር ወጌሻ ዘንድ ወስዶ ማሳሸት አይገባም። ጸበል የሚጠመቅ ሰው የተከፈተ ቁስሉን ከውሃ ቢጠብቅ እምነቱ አይጎድልበትም።

መቼ ነው ዳነ የሚባለው?

ቁስሉ ደርቆ፣ አጥንቱ ገጥሞ፣ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም ቢያንስ ለአንድ ዓመት ክትትል ይደረጋል። ከዓመታት በኋላ ጠባሳው አብጦ የሚመለስባቸው ሰዎችም አሉ። ያኔ የሚያክመው ሐኪም ሌላ ሊሆን ስለሚችል፣ የትኛው ብረት እንደገባ፣ የትኛው ባክቴሪያ እንደተገኘና ምን መድኃኒት እንደተወሰደ ማወቅ ያስፈልገዋል።

የአክስቴ ልጅ አሁን ያለ ክራንች ይሄዳል፣ ትንሽ ያነክሳል። ወንበሩ ሥር አንድ ፌስታል አለው። ውስጡ ራጆቹ በቀን ተደርድረዋል፣ የቀዶ ሕክምናው ማስታወሻ ቅጂ አለ፣ የላቦራቶሪው ውጤት አለ፣ ከመጀመሪያው ከፋርማሲ ከተገዙት ጀምሮ የዋጣቸው ክኒኖች ባዶ ማሸጊያዎችም አሉ፤ የጀመረበትና ያቆመበት ቀን በእስክሪብቶ ተጽፎባቸዋል።